ኤድዋርድ ሩፔል

ኤድዋርድ ሩፔል (1794–1884) ጀርመናዊ ተጓዥና የእንስሳት ተመራማሪ ነበሩ። የስሜን ተራሮችን የዱር እንስሳት በሳይንሳዊ መንገድ ከመዘገቡ ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ናቸው። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእሳቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በፍራንክፈርት ከተማ ከሀብታም የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ተወለዱ። የታሰበላቸው ሙያ ንግድ ነበር፤ በ1817 ወደ ግብጽና ሲና ያደረጉት ጉዞ ግን ልባቸውን ወደ ተፈጥሮ ጥናት መለሰው። ከዚያም ጣሊያን ውስጥ በፓቪያና በጄኖዋ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ተማሩ። በ1821 የጀመሩት የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞ እስከ ኑቢያ አደረሳቸው። ኢትዮጵያም ለመግባት አስበው ነበር፤ ነገር ግን ምጽዋ ላይ ሕመም ስለጸናባቸው በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሱ።

በ1831 እንደገና ምጽዋ ደረሱ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ በዚያው ዓመት ደጃዝማች ሰባጋድስ ተገድለው የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ትግራይን ይዘው ነበር። ሩፔል በስሜን ተራሮች አድርገው በ1832 ጎንደር ገቡ። ከእንስሳት ናሙናዎች ሌላ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትም ሰብስበው ወደ ፍራንክፈርት ወስደዋል።

የአቢሲኒያን አዳዲስ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የገለጹበት ሥራ ከ1835 እስከ 1840 በተከታታይ ታተመ። ለአማርኛ አንባቢ ደስ የሚለው ስሞቹ ናቸው፦ ካፕራ ዋሊ ከ«ዋልያ»፣ ጌላዳ ከ«ጭላዳ» የመጡ ሲሆን፣ የቀይ ቀበሮው ካኒስ ሲሜንሲስ ደግሞ «የስሜን» ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው በገበሎ አስተኔዎች ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ሆዱ ሰማያዊ የሆነውን እንሽላሊት በ1835፣ ዛሬ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የሚባለውን የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በ1845 ሰይመዋል። እስስቱ የወጣው ለፍራንክፈርቱ የሴንከንበርግ ሙዚየም ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ ነው። በዚያ ዝርዝር ገበሎ አስተኔዎች እንደ ዘመኑ ልማድ ከእንቁራሪት አስተኔዎች ጋር በአንድ ርዕስ ሥር ተደባልቀዋል።

ይህ ሁሉ ግን በዛሬው ትርጉም የብዝኃ ሕይወት ቆጠራ አይባልም። መንገደኛ ሰብሳቢ የሚያገኘው ቀን የሚታየውንና በአደን የሚያዘውን ነው። በክረምት ሌሊት ከረግረግ የሚወጣ ትንሽ እንቁራሪት በቀላሉ ያመልጠዋል። ከኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶችና ጉርጦች ብዙዎቹ ስም ያገኙት ከሩፔል ሞት በኋላ ነው፤ ለምሳሌ በባሌ ተራሮች የሚኖረው የኦስጉድ ጉርጥ የተሰየመው በ1932 ነው።

ሩፔል በ1839 ከለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ በ90 ዓመታቸው በፍራንክፈርት አረፉ። የሩፔል ጥንብ አንሳ በስማቸው ይጠራል። የስሜን ተራሮች በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆነው በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሩፔል ስም ያወጡባቸው የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ግን ዛሬም ያሉት በሴንከንበርግ ነው፤ ከደጋ የተያዘ እስስት በእርግጥ አፊኒስ መሆኑን አጥብቆ ማረጋገጥ የሚፈልግ ተመራማሪ ከእነዚያ ጋር ማነጻጸር አለበት።