ማውዘር፦ ስሙ ጠመንጃ የሆነው ሰውዬ

ማውዘር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአያቶቻችን ጠመንጃ ነው። ውጅግራ የሚለው ስም ግራስ ከተባለ ፈረንሳዊ እንደመጣ ሁሉ፣ ማውዘርም የሰው ስም ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓውል ማውዘር በ1838 ጀርመን ውስጥ ኦበርንዶርፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከ13 ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ እዚያው ከተማ ያለው የመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበር ልጁም ገና በጠዋቱ ሙያው ውስጥ ገባ። ከወንድሙ ከዊልሄልም ጋር ሆነው የሠሩትን ጠመንጃ የጀርመን ጦር በ1871 ተቀበላቸው። ፓውል ሠሪ፣ ዊልሄልም ደግሞ ገበያ ፈላጊ ነበር። ወንድሙ በ1882 ሲሞት ፓውል ሥራውን ብቻውን ቀጠለ።

ዋናው ሥራው የ1898ቱ ነው። አሠራሩ ከበር መቀርቀሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ እጀታውን ወደ ላይ ታነሳና ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ወደፊት ስትገፋው አዲስ ጥይት ይገባል፣ እጀታውን ወደ ታች ስትጫነው ይቆለፋል። ፊት ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች የባሩዱን ግፊት ይሸከማሉ። ማውዘር ግን አላመነም፤ ምናልባት እነሱ ቢሰበሩ ብሎ ከኋላ ሦስተኛ ጨመረ።

አዳኞች እስካሁን የሚያነሱለት ግን ጥፍሩን ነው። መቀርቀሪያው ጎን ላይ ያለ ረጅም የብረት ጥፍር ጥይቱን ገና ከካርታው ሲወጣ ይይዘዋል፣ እስኪወረወር አይለቅም። ይሄ ምን ያደርጋል? ጎሽ እየሮጠ መጣብህ እንበል። ደንግጠህ መቀርቀሪያውን ሳትጨርስ መልሰህ ሳብከው። ጥፍር በሌለው ጠመንጃ የመጀመሪያው ጥይት ውስጥ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከኋላው መጥቶ ይነክሳል፤ አለቀልህ። በማውዘር ግን የመጀመሪያው አብሮ ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው ሪግቢ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ለአፍሪካ ትላልቅ አውሬዎች የሚሆን ጠመንጃ በማውዘር መቀርቀሪያ ላይ የሠራው።

ቀለህ ቢፈነዳ እንኳ ጋዙ ተኳሹ ፊት ላይ እንዳይመጣ መቀርቀሪያው ላይ መውጫ ቀዳዳ አበጅቶለታል። የሚገርመው ግን እሱ ራሱ በ1901 አንድ ዓይኑን አጣ። በዚህኛው አይደለም፣ በራሱ የሚያቀባብል ሌላ ጠመንጃ እየሞከረ ሳለ ነው። ሥራውን ግን አላቆመም።

አሜሪካኖችም ለ1903ቱ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃቸው ሐሳቡን ወስደው 200,000 ዶላር ከፍለውታል። እኛም ጋ በ1930ዎቹ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ቤልጅየም የተሠሩ የማውዘር ዓይነት ጠመንጃዎችን ገዝቶ ነበር።

ማውዘር በግንቦት 1914 እዚያው ኦበርንዶርፍ ሞተ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀመረው ሁለት ወር ቆይቶ ነው፤ የጀርመን ወታደር የወጣው የሱን 98 ይዞ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከተረፉት ብዙዎቹ ሰደፋቸው ተቀይሮ፣ አፈሙዛቸው አጥሮ የአደን ጠመንጃ ሆኑ።

ዊንቸስተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ታዋቂ በሆነው የአደን ጠመንጃው ላይ የነበረውን ጥፍር በ1964 ወጪ ለመቀነስ ሲል አስቀረው። አዳኞቹ ለዓመታት አጉረመረሙ። በ1990ዎቹ ፋብሪካው ጥፍሩን መለሰው።