አፈወርቅ ተክሌ

አፈወርቅ ተክሌ (ጥቅምት 13 ቀን 1925 – ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ሠዓሊና ቀራጺ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስተዋቶችና «የመስቀል አበባ» በተባለው ሥዕላቸው ነው። የታዋቂ ኢትዮጵያውያንን ሐውልቶች እንዲሠሩ በተደጋጋሚ ቢታዘዙም፣ ከትልልቆቹ ተሠርቶ ያለቀው ሐረር ላይ የቆመው የራስ መኮንን ሐውልት ብቻ ነበር። እሱም አሁን በቦታው የለም።

ሕይወትና ትምህርት

የተወለዱት በሸዋ፣ አንኮበር ነው። ልጅነታቸው ከጣልያን ወረራ ዘመን ጋር ተገጣጠመ። እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። እዚያ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ችሎታቸውን አይተው አበረታቷቸውና ምህንድስናውን ትተው ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ንድፍ ተማሩ። ቅርጻ ቅርጽ ከሥዕል ጎን የተማሩት እንጂ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸው አልነበረም።

ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ። ቀጥሎ ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል የመስተዋት ሥዕል አሠራርን አጠኑ፤ በዚያው በውጭ አብያተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች መረመሩ።

የራስ መኮንን ሐውልት

ከሐኪም ጋራ ላይ ቁልቁል የምትታየው ሐረር ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ገባች። አስተዳዳሪ ሆነው የተሾሙት ራስ መኮንን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። አፈወርቅ ራሱን ፈረስ ላይ አድርገው ቀረጿቸው፤ ሐውልቱም ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ አደባባይ ላይ ቆመ።

የፈረሰኛ ሐውልት ለቀራጺ ከባድ ፈተና ነው። ሲለመድ ሥራው ከጭቃ ይጀምራል፦ በብረት አጽም ላይ ሸክላ አፈር እየተለጠፈ ቅርጹ ይወጣል፤ ከዚያ በጀሶ ቅጂው ተወስዶ ወደ ብረት ይቀየራል። እርጥብ ጭቃ ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል። የፈረሱና የፈረሰኛው ክብደት ደግሞ በቀጫጭን እግሮች ላይ ማረፍ አለበት። ሥዕል ላይ እንዲህ ያለ ችግር የለም፤ ምናልባትም ከታዘዙት ሐውልቶች አንዱ ብቻ የተፈጸመበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐውልቱን ሁሉም በአንድ ዓይን አላየውም። ለአንዳንዱ የዓድዋ ጀግናና የከተማይቱ አስተዳዳሪ መታሰቢያ ነበር፤ ለሌላው ጨለንቆንና የነጻይቱን ሐረር መውደቅ የሚያስታውስ ነበር። ስለ ቅርጹ ጥበብ የተባለው ከዚህ ክርክር ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው።

ሌሎች ሥራዎች

የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋቶች እ.ኤ.አ. በ1961 ተጠናቀቁ። ሦስቱ መስኮቶች ባንድነት 150 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያሉ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልንም በሥዕልና በሞዛይክ አስጊጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። ኋላ ዓለም አቀፍ ማዕረጎች ተጨምረውላቸው የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት ተብለው ይጠሩ ነበር። «ቪላ አልፋ» የተባለውን መኖሪያና የሥራ ቤታቸውን ንድፍ ያወጡትም ራሳቸው ናቸው።

ከሞታቸው በኋላ

በ79 ዓመታቸው አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ቁጣው ወደ ብዙ ከተሞች ሲዛመት፣ ሐረር ላይ ሰልፈኞች የራስ መኮንንን ሐውልት ጎትተው ጣሉት። በነዚያው ቀናት በለንደን ዊምብልደን መናፈሻ ውስጥ የነበረው የልጃቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልትም ተሰባብሯል።