ለነገ ያላደረች ሶላት

ከሱብሂ ቀደም ብሎ ተነስቶ ሁለት ረከዓ መስገድን ያልተመኘ ሙስሊም ጥቂት ነው። ከምኞት ያለፈው ግን ከዚያም ያንሳል። በተለይ የደባርቅና የዳባት ሰው ምክንያት አያጣም፤ የሰሜን ተራራ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ የውዱእ ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ ነገሩ ለረመዳን ይቀጠራል፤ ረመዳን ሲወጣ ደግሞ ለከርሞ።

ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) የሐበሻዊቷ የሐማማ ልጅ ነው። መካ ውስጥ የኡመያ ኢብን ኸለፍ ባሪያ ሳለ ሰለመ። በጋለ አሸዋ ላይ አጋድመው ደረቱ ላይ ቋጥኝ ቢጭኑበትም ከተውሒድ ንቅንቅ አላለም፤ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝቶ ነፃ አወጣው። ይህን ከልጅነት ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ይበልጥ የሚገርመው ግን የመዲና ተራ ቀኑ ነው።

ዐዛን ሲደነገግ ሙአዚንነቱ ለእሱ ተሰጠ። ከመስጊዱ አጠገብ ከፍ ያለ ቤት የነበራት አንዲት የበኒ ነጃር ሴት እንዳወሳችው፣ በሰሐር መጥቶ ጣራዋ ላይ ይቀመጥና ጎሕ እስኪቀድ ይጠባበቅ ነበር። እሱ ሰዓቱን አያሳድደውም፤ ሰዓቱ ነው እሱ ዘንድ የሚደርሰው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጀነት የጫማውን ኮቴ ከፊታቸው መስማታቸውን ነግረውት ሥራውን ጠየቁት። የመለሰላቸው ቀላል ነገር ነው፤ በቀንም ሆነ በሌሊት ውዱእ ባደረገ ቁጥር የተጻፈለትን ያህል ይሰግዳል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቢላል ለዚህች ሶላት ሌላ ቀጠሮ አልያዘላትም፤ ከውዱኡ ጋር አሰራት። እጁ ከረጠበ ሶላቷ ደርሳለች፤ ለማመንታት ጊዜ የለም። ቁጥርም አልወሰነባትም። እኛ ግን ገና ስንጀምር ስምንት ረከዓ ከነሙሉ ጁዙ እናቅድና በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እንተዋለን።

ቢላልም ቢሆን እንቅልፍ አሸንፎታል። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ሠራዊቱ ተኝቶ ሌሊቱን እንዲጠብቅ የታዘዘው እሱ ነበር። የቻለውን ያህል ሰገደ፤ ንጋት ሲቃረብ ግመሉን እንደተደገፈ እንቅልፍ ጣለው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ስፍራ ጥቂት ራቅ ካስደረጓቸው በኋላ ውዱእ አደረጉ፤ ለሶላት እንዲጠራ ያዘዙትም ያንኑ ቢላልን ነው። ሱብሂ ተሰገደ። ሙአዚንነቱም አልተወሰደበትም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 630)፣ መካ ስትከፈት ከዕባ ላይ ወጥቶ ዐዛን ያሰማው ይኸው ሰው ነበር።