የታወቀውን ነገር አዲስ ያደረገ ጸሐፊ

ሳሙናው ከሳሙናው፣ ቢራው ከቢራው በማይለይበት ገበያ ነጋዴው ስለ ዕቃው ምን ብሎ ይናገር? ዛሬ ይህን ጥያቄ በሥራው የመለሰውን አሜሪካዊ የማስታወቂያ ጸሐፊ የክላውድ ሆፕኪንስን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሆፕኪንስ በ1866 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ከታናሽነቱ ጀምሮ ለፍቶ አደረ። ቢስል በተባለው የምንጣፍ መጥረጊያ ፋብሪካ ሒሳብ ጸሐፊ ሳለ፣ መጥረጊያው ለልደት በዓል ስጦታ እንዲሆን አስቦ ለነጋዴዎች 5,000 ያህል ደብዳቤ ላከ። 1,000 ያህል ትእዛዝ መጣለት። ከመዝገቡ ተላቆ ወደ ማስታወቂያ ሥራ የገባው በዚህ ነው።

ስሙን ያስጠራው ግን በሚልዋኪ ከተማ ይገኝ ለነበረው የሽሊትዝ ቢራ የሠራው ነው። በዚያን ጊዜ ጠማቂዎች ሁሉ ቢራችን ንጹሕ ነው እያሉ ይጮኹ ነበር፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ሆፕኪንስ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ፋብሪካውን ዞሮ አየ። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ሲቀዳ፣ ቢራው በተጣራ አየር ውስጥ ሲቀዘቅዝ፣ ጠርሙሱ አራት ጊዜ በመኪና ሲታጠብ ተመልክቶ ተደነቀ። ባለቤቶቹ ግን ማንኛውም ጠማቂ እንዲሁ ያደርጋል አሉት። እርሱም፣ ሁሉ ቢያደርገውም ለሕዝብ የነገረ የለም ብሎ ያየውን አንድ በአንድ ጻፈ። እንደ ትረካው ከሆነ፣ በሽያጭ አምስተኛ የነበረው ሽሊትዝ በጥቂት ወራት ከአንደኛው ጋር ተስተካከለ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ብዕር ሁልጊዜ እውነትን አላገለገለም። ሊኮዞን የተባለውን፣ ብዙ ደዌ ይፈውሳል የተባለለትን መድኃኒትም በሰፊው አስተዋውቋል። በ1905 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ሳሙኤል አዳምስ በኮሊየርስ መጽሔት ጉዳዩን ሲያጋልጥ፣ መድኃኒቱ ጥቂት አሲድ የተጨመረበት ውሃ ሆኖ ተገኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ ነው።

በ1907 ዓ.ም. አልበርት ላስከር ወደ ሎርድ ኤንድ ቶማስ ድርጅት ወሰደው። በ1923 ዓ.ም. ስለ ማስታወቂያ ሥራ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። በ1932 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከሆፕኪንስ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አሰልቺ የሚባለው ሥራ ቀርበው ላዩት የሚነገር ነገር አያጣም፤ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት ሹምም በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቅጽል ከሚደረድር ወርዶ ቢያይ ይሻለዋል። ሁለተኛው፣ ቢራውን ያስከበረው ብዕር ውሃውን መድኃኒት ማስመሰሉ ነው። ጽሑፍ እንዲታመን ማድረግ ችሎታ ነው፤ እንዲታመን የሚገባውን ብቻ መጻፍ ግን ምግባር ነው።