ለአንዱ ብቻ የሰገዱት መነኵሴ

እኛ የውርጌሳ ልጆች ወደ ደሴ ስንጓዝ ውጫሌን አልፈን ሐይቅ እንደርሳለን። በዚያ ያለው ታላቅ ገዳም በድንጋይ ተወግሮ በሞተው በመጀመሪያው ሰማዕት በእስጢፋኖስ ስም የተሰየመ ነው። ይህን እስጢፋኖስ የማያውቅ የለም። ሌላውን፥ የአጋሜውን መነኵሴ አባ እስጢፋኖስን ግን ስማቸውን የሰማ ብዙ ሲሆን ታሪካቸውን ያወቀ ጥቂት ነው። ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

በውርጌሳ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጐረቤት ነው። ልጆች ሳለን የሙስሊም ጓደኞቻችን፥ ለመስቀልና ለሥዕል ስለ ምን ትሰግዳላችሁ ብለው ሲጠይቁን መልስ እናጣ ነበር። እቤት ገብተን ይህንኑ ብንጠይቅ፥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ተባልን። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ደግሞ፥ የጠየቀ ሰው ሃይማኖቱን ትቶአል ማለት ነው የሚሉ ጓደኞች አገኘን። እቤት የከለከሉንም፥ እዚህ የሚያደፋፍሩንም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥያቄና እምነት በአንድ ልብ አያድሩም ይላሉ። የአባ እስጢፋኖስ ሕይወት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያሳየናል።

አባ እስጢፋኖስ የተወለዱት በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአጋሜ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እንሰጣለን)። በሽሬ፥ በቈየጻ ገዳም መነኰሱ። በዚያም መጻሕፍትን እየመረመሩ የቀደሙት አባቶች ሥርዐት በዘመናቸው መላላቱን ተመለከቱ። መነኵሴ በእጁ ሥራ ይኑር፥ ንብረቱም የማኅበር ይሁን፥ ከቤተ መንግሥትም ርስትና ጉልት አይለምን ብለው አስተማሩ። ትምህርታቸው ደቀ መዛሙርትን አፈራላቸው፤ የባልንጀሮቻቸውንም ጠላትነት አመጣባቸው። ክሱ ከገዳም ወጥቶ እስከ ንጉሡ ችሎት ደረሰ።

በ1434 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገሡ። እኒህ ንጉሥ መጽሐፍ የሚያውቁ፥ ራሳቸውም የሚጽፉ፥ ጣዖትንና ጥንቈላን ለማጥፋት የተነሡ ሰው ነበሩ። የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። የሐይቁ አበምኔትም በዐቃቤ ሰዓትነት ማዕርግ ከዙፋኑ አጠገብ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት እንዲህ በተቀራረቡበት ዘመን ነው አባ እስጢፋኖስ ስገዱ የተባሉት። እርሳቸውም ስግደት ለአብ፥ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡም፥ ለመስቀሉም፥ ለሥዕሉም አልሰግድም አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአምልኮት ስግደት ሌላ፥ የአክብሮት ስግደት ሌላ መሆኑን ያስተምራሉ፤ ይህም በቀላሉ የሚጣል መልስ አይደለም። ለአባ እስጢፋኖስ ግን ይህ ልዩነት አላጠገባቸውም። ይሁን እንጂ እመቤታችንን አልናቁም፤ ንጉሡንም በዓለማዊው ነገር እታዘዛለሁ እንጂ አልሸፍትም አሉ። ሥላሴን አልካዱም፤ ጾምና ጸሎታቸውንም አላቋረጡም። እንዲያውም በምንኵስናቸው ከከሳሾቻቸው የጠበቁ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ አንዳንዶቻችን እንደምናደርገው የኢትዮጵያ ሉተር ብሎ መጥራት ፍርድን ማፍጠን ይመስለናል፤ ሉተር በ1517 ሲነሣ እርሳቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኖአቸው ነበር፤ መንገዳቸውም የራሳቸው ነው።

መልሳቸው ግርፋትንና ግዞትን አስከተለ፤ በእስር ሳሉም ዐረፉ። መከራው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ከተከታዮቻቸው ምላሳቸውና አፍንጫቸው የተቈረጠ፥ በድንጋይም የተወገሩ አሉ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደ ብለው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ያን ብርሃን በ1456 ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የሚያሳዝነው፥ እኚሁ ንጉሥ ስለ ሰንበት ለረዥም ዘመን ሲጣሉ ከኖሩት ከኤዎስጣቴዎስ ልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያንን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ማስታረቃቸው ነው። ለአንዱ ጥያቄ ጉባኤ ተገኘለት፤ ለሌላው ግን ድንጋይ።

የተረፉት ደቀ መዛሙርት በአጋሜ ገደል ውስጥ በጕንዳ ጕንዶ ተጠጉ። በዚያም መጻሕፍት ገለበጡ፥ በሥዕልም አስጌጡ፤ የብራና ሥራቸው ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። በኋላም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ፤ ገዳማቸውም በማርያም ስም ይጠራል። የማርያም ጠላቶች ተብለው የተወገሩት ሰዎች ልጆች በማርያም ስም በሚጠራ ቤት ጸለዩ። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው ደቂቀ እስጢፋኖስ በሚል ርእስ ባያሳትሙልን ኖሮ፥ ግእዝ የማናውቀው እኛ ይህን ሁሉ ከየት እናገኘው ነበር?

አባ እስጢፋኖስ በትምህርታቸው ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተዋል፥ ይህን ለመፍረድ ሊቃውንት አይደለንም። ከመካከላችን ለመስቀል የሚሰግድ አለ፥ የማይሰግድም አለ። ነገር ግን እኒያ መነኵሴ የጠየቁት አምላካቸውን ስለ ጠሉ አልነበረም፤ ከእርሱ ሌላ ማንም በስፍራው እንዳይቆም ስለ ፈለጉ ነበር። እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ውርጌሳ ስንመለስ ታናናሾቻችን ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይጠብቁን ይሆናል። መልሱን ባናውቀው እንኳ፥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ብለን ዝም አናሰኛቸው።