ፍሬዲ ሜርኩሪና ድምፁ

ፍሬዲ ሜርኩሪ ድምፁን ይዞ የተወለደ የሚመስለን ብዙ ነን። በ1946 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ዛንዚባር የተወለደው ፋሮክ ቡልሳራ ግን ህንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ የተማሪዎቹ ባንድ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። እንግሊዝ ገብቶ በ1969 መዝፈን ሲጀምርም ድምፁ ጉልበት እንጂ ልጓም አልነበረውም። በ1970 ከጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ጋር ኩዊንን መሠረተ፤ ድምፁ የተገራው እዚያ ነው። ትርፍ ጥርሶቹን እንኳ ድምፁ እንዳይቀየር ፈርቶ አላስነቀለም። በ1975 ጉሮሮው ታሞ ኮንሰርቶች ተሰረዙ። ስቱዲዮ የቀዳውን ከፍተኛ ኖታ መድረክ ላይ ዝቅ አድርጎ ይዘፍን ነበር፤ ይሄ ስንፍና ሳይሆን ቁጠባ ነው። በ1985 ለኛው ረሃብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤድ፣ ዌምብሌይ የነበረውን 72 ሺህ ሰው ያለ ግጥም፣ በድምፁ ብቻ እያዜመ አስከተለው። በ1991 ኤድስ አድክሞት "ማዘር ላቭ"ን ሲቀዳ ግን መጨረስ አቃተው፤ የቀረውን ስንኝ ብራያን ሜይ ዘፈነለት። በኖቬምበር አረፈ፣ በ45 ዓመቱ።