መንገድ ጠቋሚው ፕሮፌሰር

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ነው። አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ከእጮኛው ጋር ዕቃ ሲገዛዛ ውሎ ስለደከመው አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ አረፍ አሉ። ቡናቸውን እየጠጡ ሳለ ወጣቱ በሐሳብ ጭልጥ አለ። በእጁ ብዕርም ወረቀትም አልነበረውም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር በጭንቅላቱ ጨርሶ ነበር፦ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ኮምፒዩተር እንዴት ፈልጎ ሊያገኘው እንደሚችል።

ይህ ወጣት ኋላ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤድስኸር ዳይክስትራ ናቸው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ እሳቸው ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል የሚባል መሣሪያ አለ። በውስጡ ኔትወርክና በውጭው ዓለም መካከል ቆሞ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚል ዘበኛ በሉት። ይህ ዘበኛ ያሳለፈውን መልእክት በየት በኩል መላክ እንዳለበትም ማወቅ አለበት። መንገዱን ባለሙያው አንድ በአንድ በእጁ ሊጽፍለት ይችላል። ችግሩ አንድ ኬብል ሲቆረጥ ሰው መጥቶ እስኪያስተካክል ሁሉም ነገር ቆሞ መጠበቁ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ዳይናሚክ ራውቲንግ ይባላል። መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ መንገዱን ራሳቸው ያሰላሉ። በዚህ ሥራ በጣም ከሚታወቁት ፕሮቶኮሎች አንዱ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ ሲሆን፣ ስሌቱ ያው የቡና ቤቱ ስሌት ነው።

ዳይክስትራ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1930 በኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ነው። አባታቸው ኬሚስት፣ እናታቸው የሒሳብ ሰው ነበሩ። አሥር ዓመት በሞላቸው በሦስተኛው ቀን የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ በቦምብ አወደሙት። ምናልባት ከዚያ የተነሣ ይሆናል፣ ልጁ ሲያድጉ ሕግ ተምረው አገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መወከል ነበር ምኞታቸው። ይሁንና በሳይንስ ትምህርቶች ያመጡት ውጤት እጅግ ከፍተኛ ስለነበር ሌይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊዚክስ ማጥናት ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1951 አባታቸው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ የሦስት ሳምንት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥልጠና እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያ አዩ። ልጅየው ሄደው ተማሩ። በዓመቱ መጋቢት ወር አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል በትርፍ ሰዓት ተቀጠሩ። ፊዚክሱንም አልተዉም። ሁለት ዛፍ ላይ መውጣት አልሆን ሲላቸው አለቃቸውን አድሪያን ፋን ቫይንኻርደንን ሊያማክሩ ገቡ። ፕሮግራም መጻፍ የሚያስከብር ሙያ ነው ወይ? ጭንቀታቸው ይህ ነበር። አለቅየውም ኮምፒዩተር መጥቶ የሚሄድ ነገር እንዳልሆነ፣ ሙያውን የሚያስከብረው ሰው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረዷቸው። ከዚያ ቢሮ የወጡት ሌላ ሰው ሆነው ነው። ሙያው ግን ወዲያው አልተከበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 እጮኛቸውን ማሪያ ዴበትስን ሲያገቡ በጋብቻ ሰነዱ ላይ ሙያቸውን ፕሮግራመር ብለው ቢሞሉ የአምስተርዳም ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልቀበል አሉ። የፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተጻፈ።

ወደ ቡና ቤቱ ልመለስ። በዚያ ዓመት ማዕከሉ አርማክ የሚባል አዲስ ኮምፒዩተር ሊያስመርቅ ነበር። እንግዶቹ ስለ ኮምፒዩተር የማያውቁ ስለሆኑ የሚገባቸው ጥያቄ ያስፈልጋል። ዳይክስትራም ከሮተርዳም ወደ ኽሮኒንገን በየት በኩል መሄድ ይቀላል የሚለውን መረጡ። ከካርታው ላይ 64 ከተሞችን ወሰዱ። ስልሳ አራት የሆነበትም ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱን ከተማ በስድስት ቢት ብቻ መጻፍ ስለሚቻል ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከሮተርዳም ተነሥተህ በቀጥታ የምትደርስባቸውን ከተሞች ርቀት ትይዛለህ። ከእነዚያ ውስጥ ቅርቡ የቱ ነው? የዚያ ከተማ ጉዳይ አለቀ፣ ወደ እሱ ከዚህ የሚያጥር መንገድ ሊኖር አይችልም። ቀጥሎ በእሱ በኩል አልፈህ ጎረቤቶቹን ትለካለህ፤ አዲሱ ርቀት ቀድሞ ከያዝከው ካጠረ ታርመዋለህ። ደግሞ ካላለቁት ውስጥ ቅርቡን ትመርጣለህ። እንዲህ እያለ ኽሮኒንገን ይደረሳል። ሌላ ነገር የለውም። ዳይክስትራ ኋላ እንደተናገሩት ቀላል የሆነው ወረቀት ስላልነበራቸው ነው፤ በጭንቅላት ብቻ የሚያስብ ሰው ውስብስቡን ነገር ሁሉ ለመተው ይገደዳል። ጽሑፉ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ለእሳቸው ትንሽ ሥራ ነበረች፤ ስማቸውን በየኮምፒዩተሩ ያስገባችው ግን እሷ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ዝና በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1962 አይንድሆቨን ፕሮፌሰር ሆኑ፣ በ1972 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን አጻጻፋቸው ነው። የኮምፒዩተር ሊቁ ለብዙ ዘመን የራሳቸው ኮምፒዩተር አልነበራቸውም! ሐሳባቸውን በቀለም ብዕር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይጽፉና፣ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኢ.ደብሊው.ዲ ብለው ቁጥር ሰጥተው፣ ፎቶ ኮፒ አድርገው ለጓደኞቻቸው በፖስታ ይልካሉ። የደረሳቸውም አባዝተው ለሌላ ያስተላልፋሉ። እንዲህ እያሉ ከ1300 በላይ ጽሑፎች አወጡ። የአንድ ሰው ጋዜጣ ማለት ይህ አይደል?

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። የኢንተርኔት አባት የሚባለው አርፓኔት መጀመሪያ መንገድ የሚመርጠው በሌላ ዘዴ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ጎረቤቱ የነገረውን ርቀት አምኖ ይይዛል እንጂ ካርታውን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ዘዴው ተለወጠ። ሁሉም መሣሪያ የየራሱን ሁኔታ ለሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ሙሉ ካርታ ይይዛል፣ በካርታው ላይ ዳይክስትራን ያሰላል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1980 ይህ ኔትወርክ ለሰዓታት ተዘጋ። ስሌቱ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው ዜናው ነው። እያንዳንዱ መልእክት የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ የሚለይበት ቁጥር ነበረው። አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ቁጥሩ ተዛባና የአንድ መልእክት ሦስት ቅጂዎች ተለቀቁ። ቁጥሮቹ እንደ ሰዓት ዞረው የሚመለሱ ስለነበሩ ሁለተኛው ከአንደኛው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አንደኛው ደግሞ ተመልሶ ከሦስተኛው አዲስ መስሎ ታየ። እያንዳንዱ መሣሪያ ትኩስ ወሬ ደረሰኝ እያለ ያለ ማቋረጥ አስተላለፈ። በእኛ ሙያ ምንጭ ሳያጣራ የሚያስተላልፍ ዘጋቢ የምንለው ዓይነት ነው።

የሚገርመው መድኃኒቱም ከራሳቸው ከዳይክስትራ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለት ገጽ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። አዛዥ የሌላቸው፣ ጎረቤታቸውን ብቻ የሚያዩ ማሽኖች ምንም ዓይነት ትርምስ ውስጥ ቢገቡ ያለ ሰው እርዳታ ወደ ሥርዓታቸው እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል? ይቻላል አሉ፣ መንገዱንም አሳዩ። ለአሥር ዓመት ያህል ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ራዲያ ፐርልማን የመንገድ ዜና የሚሠራጭበትን ዘዴ ስትቀርጽ ይህንኑ ጠባይ ሰጠችው፤ ቁጥሩ የማይዞር ይሆናል፣ ዜናውም ዕድሜ ይኖረዋል። ዛሬ በኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ አንድ ዜና ካልታደሰ በ60 ደቂቃ ይሞታል።

ታዲያ ፋየርዎል ላይ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ የሚያዋቅር ባለሙያ አብዛኛው ሥራው ማንን ማመን እንዳለበት መወሰን ነው። ስሌቱን መሣሪያው ራሱ ይሠራዋል። ባለሙያው በየትኛው ኢንተርፌስ በኩል ሰላምታ እንደሚላክ ይመርጣል። ሰላምታው እንደ ተለመደው በየ10 ሴኮንዱ ይላካል፣ ጎረቤት ለ40 ሴኮንድ ዝም ካለ እንደሞተ ይቆጠራል፤ ቁጥሮቹ በሁለቱም ወገን እኩል ካልሆኑ ጉርብትና የለም። በውጭው በኩል ያለው ኢንተርፌስ ሰላምታ እንዳይልክም እንዳይቀበልም ይደረጋል፣ አለበለዚያ አንድ የማያውቁት ሰው የሐሰት መንገድ አምጥቶ መልእክቱን ሁሉ ወደ ራሱ ሊጠልፍ ይችላል። በውስጥም ቢሆን ጎረቤቶቹ በምሥጢር ቁልፍ እንዲተዋወቁ ይደረጋል።

አንድ ሌላ ጣጣም አለ። ዘበኛው ያሳለፈውን ሰው መዝግቦ ይይዛል፣ መልሱን የሚያሳልፈውም ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ነው። ሁለት ፋየርዎሎች ካሉና የሁለቱ መንገድ ዋጋ እኩል ከሆነ፣ መልእክቱ በአንዱ ወጥቶ መልሱ በሌላው ሊመጣ ይችላል። ያኛው አላውቅህም ብሎ ይጥለዋል። አጭር መንገድ ፈላጊው ስሌት ስለ መዝገብ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ባለሙያው የአንዱን መንገድ ዋጋ ሆን ብሎ ከፍ ያደርግና መሄጃውም መመለሻውም በአንድ በኩል እንዲሆን ያስገድዳል።

ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1999 ጡረታ ወጡ። በ2002 ካንሰር ጸንቶባቸው ኔዘርላንድስ ውስጥ ኑነን ወደሚገኘው ቤታቸው ተመለሱ። ያች የ1974ቷ ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ በዘርፉ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረች ተብላ የተሸለመችው በዚያው ዓመት ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2002 አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ በስማቸው ተሰየመ። በእጃቸው የጻፏቸው ወረቀቶች ቴክሳስ ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ።